ፎልደሩ ይከፈታል፣ ሴቭ ግን አያደርግም

ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ባለው ቤታችን የአባቴ የቡና ሂሳብና የቤተሰቡ ፎቶ የሚቀመጠው ዴስክቶፑ ላይ ነው። እህቴ ላፕቶፕ አላት። ሁለቱም በአንድ ራውተር ስለተያያዙ፣ መብራት እስካለ ድረስ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ፋይል ይለዋወጣሉ።

ሰሞኑን እህቴ የሂሳቡን ፋይል ከላፕቶፗ ከፍታ ታነባለች፤ አስተካክላ ሴቭ ስትል ግን «አክሰስ ዲናይድ» (አልተፈቀደም) ይላታል። ዴስክቶፑ ላይ በራሷ ስም ስትገባ ያው ፋይል ያለችግር ይስተካከላል። ነገሩን የፈታው ይህ ልዩነት ነው። ዊንዶውስ ላይ ሼር የተደረገ ፎልደር የግቢ በርና የክፍል በር አለው፤ በፎልደሩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ አንዱ «ሼሪንግ»፣ ሌላው «ሴኪውሪቲ» ይባላል። በኔትወርክ የሚመጣ ሰው ሁለቱንም ማለፍ አለበት፤ ከሁለቱ ጠባቡ ፈቃድ ይጸናል። ዴስክቶፑ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን የሚያልፈው ሴኪውሪቲን ብቻ ነው። የእህቴ ስም ሴኪውሪቲ ላይ «ሞዲፋይ» (የማስተካከል ፈቃድ) ነበረው። ሼሪንግ ላይ ግን ዊንዶውስ ከመጀመሪያው የሚሰጠው «ኤቭሪዋን፣ ሪድ» (ሁሉም ሰው ማንበብ ብቻ) እንዳለ ነበር። እሱን አንስቼ ስሟን ከነ«ቼንጅ» (የመለወጥ ፈቃድ) አስገባሁ፣ ሴቭ አደረገ። ስምና ፓስወርድ ሲጠይቃት ላፕቶፗን የምትከፍትበት ፒን አይሠራም፤ ፒኑ የዚያው ላፕቶፕ ብቻ ነው። ዴስክቶፑ ላይ ያለው አካውንቷም ባዶ ፓስወርድ ከሆነ ዊንዶውስ በኔትወርክ አያስገባውም።

«ለኤቭሪዋን ፉል ኮንትሮል (ሙሉ ፈቃድ) ስጠውና ተገላገል» የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ። ቤታችን እንግዳ አይጠፋበትም፣ ለእንግዳ ደግሞ የዋይፋይ ፓስወርድ አይከለከልም። የዓመት የቡና ሂሳብ በአንድ ሰው ስልክ ወይም ላፕቶፕ ሊጠፋ አይገባም። «ኤስኤምቢ 1ን አብራው» የሚለው ምክር ደግሞ ይባስ፤ ኤስኤምቢ 1 ዊንዶውስ ፋይል በኔትወርክ የሚለዋወጥበት አሮጌ ፕሮቶኮል ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ የተዛመተው በዚያ አሮጌ ፕሮቶኮል ቀዳዳ ነው።

የቀረው ፎቶው ነበር። እዚያው ፎልደር ውስጥ ሆነው አንዳንዶቹ ይከፈታሉ፣ አንዳንዶቹ እምቢ ይላሉ። እምቢ ያሉት በዚያው ድራይቭ ላይ ከአባቴ የግል ፎልደር «ከት» ተደርገው የመጡት ናቸው። በአንድ ድራይቭ ውስጥ ከት የተደረገ ፋይል የድሮ ፈቃዱን ይዞ ይመጣል፤ ኮፒ የተደረገ ግን የገባበትን ፎልደር ፈቃድ ይወርሳል። የፎልደሩ ሴኪውሪቲ ውስጥ «አድቫንስድ» ገብቼ፣ በውስጡ ያለው ሁሉ የፎልደሩን ፈቃድ እንዲወርስ የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት አደረግሁበት። ፎቶዎቹ ተከፈቱ። አባቴም ከእንግዲህ ፎቶ ወደዚያ ሲያስገባ ኮፒ ሊያደርግ ተስማምቷል።