ያደረ ሩዝ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆድ ብሶኝ ነው የዋልኩት። ምክንያት የለውም። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፣ ሥራም አልከበደኝም። ሐምሌ ነው፣ ሰማዩ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልተገለጠም። የቢሮው መስኮት ላይ ውሃው ሲወርድ እያየሁ ዋልኩና ወደ ቤት መጣሁ።

ታክሲ ውስጥ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ትንሽ ቀለል አለኝ። ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ሩዝ አለ። ትናንት ማታ ሆን ብዬ ነው የቀቀልኩት። ዛሬ ካኦ ፓት ልሠራ።

ካኦ ሩዝ ነው፣ ፓት መጥበስ። የታዮች (የታይላንድ ሰዎች) ጥብስ ሩዝ ማለት ነው። እዚህ ቤት ስንት ጊዜ እንደሠራሁት እናንተም ታውቃላችሁ፣ ስንት ጊዜ እንዳበላሸሁትም ጭምር። መጀመሪያ ሰሞን ትኩስ ሩዝ ነበር መጥበሻ ላይ የምገለብጠው። እንፋሎቱን ይዞ ይገባና እርስ በርሱ ተጣብቆ ገንፎ ይሆናል። ቀዝቅዞ ያደረ ሩዝ ግን ሌላ ነው። ውስጡ ጠንከር ይላል፣ ላዩ ይደርቃል፣ እያንዳንዱ ፍሬ ለየብቻው ይሆናል። ማደር ያለበት ግን ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ እሱንም ቶሎ ማስገባት ነው። ሩዝ ላይ መቀቀልን የሚችል ባክቴሪያ አለ። ሩዙ ውጭ ካደረ ይራባል፣ የሚተወው መርዝ ደግሞ መልሰው ቢያሞቁትም አይጠፋም። ይሄን ለሁሉም ሰው እናገራለሁ፣ እዚህም ልናገረው።

በፎገራ ሩዝም ሞክሬ ነበር። የፎገራን ሩዝ እወደዋለሁ፣ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሲሆን በተለይ። ለዚህ ግን አልሆነኝም፣ ተያያዘብኝ። አሁን ያለኝ ሰ. ከባንኮክ ያመጣችልኝ ነው። ባለፈው ለዕቃ ስትሄድ (ያው ፕራቱናም ገበያ ነው የምትገዛው) በሻንጣዋ ጥግ ሁለት ኪሎ ሩዝ ይዛልኝ መጣች። አንድ ጠርሙስ የዓሣ ሶስም በሦስት ፌስታል ጠቅልላ ሽጉጥ አድርጋልኛለች። የዓሣ ሶሱ ጠርሙሱ ሲከፈት ይሸታል። ትናንሽ ዓሣ ከጨው ጋር ከዓመት በላይ ተጠምቆ የሚወጣ ፈሳሽ ነው፣ ምን ይደረግ። የጋለ መጥበሻ ጠርዝ ላይ ጠብ ሲል ግን ሽታው ይለወጣል። ጨው ብቻውን የማይሰጠው ጣዕም ይመጣል።

የኤሌክትሪኩ ምድጃ አቅም ስለሌለው ቡታጋዙን አወጣሁ። ነጭ ሽንኩርት ከተፍኩ። ኪያር በስሱ ቆረጥኩ፣ ሎሚውን ከፈልኩ። ቃሪያውን አድቅቄ የዓሣ ሶስና ሎሚ ጨመርኩበት፣ እሱ ሳህኑ ዳር የሚቀርብ ነው። ሩዙን በጣቴ ፈልፈል አደረግሁት። ዘይቱ ጭስ ሊያወጣ ሲል ነጭ ሽንኩርቱ ይገባል፣ ወዲያው ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ቀጥሎ እንቁላሉ ነው። እንቁላሉ ሳይረጋ ሩዙ፣ ከዚያ ሶሱ፣ ቁንጥር ስኳር፣ ቲማቲም፣ መጨረሻ ላይ የሽንኩርት ቅጠል። ሁሉም ነገር ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ትልቅ ምክር ብቻ አለኝ፦ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ጥበሱ። መጥበሻው ከሞላ እሳቱ ይሸነፋል፣ ሩዙ መጠበሱ ይቀርና በራሱ እንፋሎት ይበስላል። ይሄን የተማርኩት ባንኮክ ጋሪ ላይ ሩዝ ከምትጠብስ ሴትዮ ነው። አሥር ሰው ተሰልፎም ቢሆን አንድ አንድ ሳህን ነበር የምትጠብሰው።

እንቁላሉን አንስቼ ጠርዙ ላይ ልሰብረው ስል እጄ ቆመ። እሷም እንዲሁ ነበር የምታደርገው። እንቁላሉን ከፍ አድርጋ ትይዝና ቅንድቧን አንስታ አባዬን ታየዋለች። ይግባ? አባዬ ደግሞ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ይነቀንቃል። አይ፣ አይግባ።

ቡታጋዙን አጠፋሁት። ነጭ ሽንኩርቱ ሊያርርብኝ ነበር።

አባዬን ላሳክም ባንኮክ የሄድንበትን ሰሞን ታውቁታላችሁ። 2011፣ መስከረም መጨረሻ። ስለ ሆስፒታሉ ዛሬ አልጽፍም። የተከራየናት ክፍል ናና አካባቢ ነበረች፣ የአረብ ምግብ ቤቶች የሞሉበት ሰፈር፣ የሀበሻም ምግብ የማይጠፋበት። ታክሞ የሚመለሰውም፣ ዕቃ ሊገዛ የመጣውም ሀበሻ እዚያው ነው የሚገናኘው። ሴትዮዋ ከመንገዱ ማዶ ጋሪዋን የምታቆመው ከመሸ ነው። ስሟን አላውቅም። ሰፈርተኛው "ፓ" ይላታል፣ አክስት እንደማለት ነው። አባዬ ይሄን ስነግረው "እትዬ" ማለት ጀመረ። እሷ ደግሞ "ሉንግ" ትለው ነበር፣ አጎቴ ብላ። በቃ፣ ዘመድ ሆኑ።

አባዬ የጽጌን ጾም ይዞ ነበር። የፈቃድ ጾም ነው፣ አንተ ደግሞ ታማሚ ነህ፣ ማን ያስገድድሃል ብዬ ተከራክሬዋለሁ። "በፈቃዴ ነዋ" አለኝ። ባንኮክ ላይ የጾም ምግብ ከየት ላመጣ ነው ብዬ ተጨንቄ ሳለሁ ነው በየጋሪው ላይ ቢጫ ባንዲራ የተሰቀለው። ላዩ ላይ ቀይ ፊደል አለው። "ጄ" ይሉታል። በቻይናውያኑ የጨረቃ አቆጣጠር በዘጠነኛው ወር ለዘጠኝ ቀን የሚጾሙት ነው። ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፣ እንቁላልና ወተት የለ። ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባም። ብዙዎቹም ነጭ ይለብሳሉ።

አባዬ በዚያን ቀን ማታ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ። ሴትዮዋ ነጭ ለብሳለች። አየችው። ማንኪያዋን አስቀመጠችና ሁለት እጇን አጋጥማ ጎንበስ አለችለት። አባዬ ደግሞ ባርኔጣውን አውልቆ እኛ ሀገር ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ዝቅ ብሎ እጅ ነሳት። አንድ ቃል አልተነጋገሩም። በዚያ ሁሉ የሞተር ብስክሌት ጩኸት መሀል ሁለት ጾመኞች ተያዩ። ከዚያ ሰሞን ሁሉ ለእኔ የቀረችኝ ቆንጆ ነገር እሷ ናት።

ሩዙን ቀመሰና "ይሄማ ፍርፍር ነው" አለ። እውነቱን ነው። ያደረ ነገር ላይ ሽንኩርትና ቅመም ጨምሮ አዲስ ምግብ ማድረግ፣ ሌላ ምን ስም አለው? ዘጠኙ ቀን አልፎ ባንዲራው ከወረደ በኋላም አባዬ ጾሙን እስከ ኅዳር 5 ቀጠለ። እሷ አልረሳችለትም። ነጭ ሽንኩርቱን መለሰችለት፣ እንቁላሉንና የዓሣ ሶሱን ግን ተወችለት። በየማታው ግን እንቁላሉን አንስታ ትጠይቀዋለች፣ ምናልባት ዛሬ ይፈልግ ይሆናል ብላ።

በብዙ ነገራቸው ይገረም ነበር። ደረሰኙ ላይ ዓመቱ 2561 ተብሎ ሲያይ "እነዚህስ ቀድመውናል" አለ። ማታ ማታ ሰዓታቸውን እንደ እኛ ከአንድ እንደሚጀምሩ ስነግረው ደግሞ የልጅ ደስታ ነው የተደሰተው። እኛ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት የምንለውን "ሶንግ ቱም" ይሉታል፣ ሶንግ ሁለት ማለት ነው። "አየሽ፣ እኛ ብቻ አይደለንም" አለኝ።

ታዮች ሰላምታቸው ራሱ ምግብ ነው። "ኪን ካኦ ያንግ?" ይላሉ። ሩዝ በልተሃል ወይ? ሩዝ ሲሉ ምግብ ማለታቸው ነው፣ እኛ ለኑሮውም ለሥራውም እንጀራ እንደምንለው። ሴትዮዋ አባዬን ባየችው ቁጥር ትጠይቀዋለች። መልሱን ራሷ አስጠናችው። "ኪን ሌው።" በልቻለሁ። ከዚያ ሀገር ይዞት የመጣው ብቸኛ ቋንቋ እሱ ነው። አዲስ አበባ ከተመለስንም በኋላ እማዬ "ብላ እንጂ" ስትለው "ኪን ሌው" ይላት ነበር፣ እሷም ትስቅ ነበር።

በልቻለሁ። እኛ ይሄን ቃል ስንት ጊዜ እንደምንለው አስባችሁ ታውቃላችሁ? ሰው ቤት ገብተን ገበታ ቀርቦ አንጀታችን እየታጠፈ እንኳ መጀመሪያ የሚወጣን እሱ ነው። በልቼ ነው የመጣሁት። አሁን ከበላሁ ገና ነው። በሞቴ እስክንባል እንጠብቃለን። በሞቴ የሚል ከሌለስ? እማዬ ማታ ስትደውል "በላሽ?" ትለኛለች፣ "በልቻለሁ" እላለሁ፣ ብዙ ጊዜ ሳልበላ። እንዳታስብ ነው። ግን እኔ እንዳታስብ ብዬ ከዋሸኋት፣ እኔስ ስንት ሰው እንዳላስብ ብሎ ዋሽቶኛል?

ምክንያቱም በዚያ ሰሞን እኔ ማታ ማታ አልነበርኩም። እዚያ ክፍል ውስጥ ማለቴ ነው። ሩዙን ገዝቼ በፎም ሳጥን ይዤለት እገባለሁ፣ ቃሪያው በትንሽ ፌስታል በላስቲክ ታስሮ፣ ኪያሩ ጎን ላይ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥለትና እወጣለሁ። ስልክ ልደውል፣ የሆስፒታሉን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ለወንድሜ ልልክ፣ ብዙ ጊዜ ግን እሱ ሳያየኝ ላለቅስ። ስመለስ ሳጥኑ ባዶ ነው። "በላህ?" "ኪን ሌው።" ይስቃል። እኔም ባዶውን ሳጥን እያየሁ፣ ተመስገን፣ ቢያንስ ምግቡ አልተዘጋበትም እል ነበር። ስንሄድ 61 ኪሎ ነበር። ስንመለስ 55። ሐኪሙ ከሕመሙ ነው አለ። እኔም ከሕመሙ ነው አልኩ። ማታ ማታ ሙሉ ሳህን እየበላ እንዴት ሌላ ምክንያት ይኖረዋል?

ለቅሶው ላይ፣ ሦስተኛው ቀን መሰለኝ፣ አንድ የማላውቀው ልጅ መጣ። ቀጭን፣ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ። ዳር ላይ ተቀምጦ ብዙ ቆየ። ሊወጣ ሲል ወደ እኔ መጣና ባንኮክ እኛ ያረፍንበት ቤት ታች ክፍል እንደነበር ነገረኝ። ወንድሙን አስታምሞ ብራቸው አልቆ ነበር። "አባባ ማታ ማታ ሩዛቸውን ይሰጡኝ ነበር" አለ። ፊቴን አየ። ምን እንዳየ አላውቅም። ወዲያው አስተካከለው፦ "ማለቴ፣ አብረን እንበላ ነበር።"

እግዜር ይስጥልኝ አልኩት፣ እጁን ይዤ። ሰው በዝቶ ነበር፣ ሌላ ለቀስተኛ ገባ። ስልኩን ግን ተቀበልኩ።

ይሰጡኝ ነበር። አብረን እንበላ ነበር። ስንት ዓመቱ ነው አሁን፣ እነዚህን ሁለት ነገሮች ሚዛን ላይ እያስቀመጥኩ አነሳለሁ። አባዬ ሰው አጠገቡ እየራበው የሚበላ ሰው አልነበረም፣ ይሄን ማንም የሚያውቀው ይመሰክርለታል። በዚህ እኮራለሁ፣ ከልቤ። ቢነግረኝ ሁለት ሳጥን እገዛ ነበር፣ ያኔ 40 ባት ነው፣ ምን አላት። ያልነገረኝ ለምንድነው? ብሩን ስቆጥር አይቶኝ ነው? ወይስ እንቢ ያለው የራሱ ሆድ ነበርና ልጁ ለሳጥኑ ባዶ መሆን ምክንያት ሆነለት? እንደዚያ ከሆነ ልጁ እሱን ረዳው እንጂ እሱ ልጁን ብቻ አልረዳም።

ሁለት ሰዓት ሆኗል። ሶንግ ቱም። ሩዙ ጎድጓዳው ሳህን ላይ እንደተፈለፈለ አለ፣ እንቁላሉም ጠረጴዛው ላይ ሙሉውን ተቀምጧል። ዝናቡ ቆሟል፣ አሁን ነው ያስተዋልኩት።

የልጁ ቁጥር ስልኬ ላይ አለ። "ባንኮክ ሩዝ" ብዬ ነው የመዘገብኩት፣ ስሙን በዚያ ቀን በደንብ አልሰማሁትም ነበር። ይሠራ እንደሆነም አላውቅም። ዛሬ ሦስት ጊዜ አውጥቼ አይቼዋለሁ። ቢያነሳው ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? አባቴ ከዚያ ሳጥን ስንት ማንኪያ ይበላ ነበር ልበለው?