ዶክተሯ፣ ሁለቱ ቢኤሞች እና የጠፋው ሾክ አብዞርበር

ሰው ስፖርት ሴዳን ሊገዛ ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የፈረስ ጉልበቱን ነው። «ስንት ይሄዳል?» ይለኛል። እኔ ግን ቀድሜ የማየው ጎማውን ነው። ባሕር ዳር ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ሰው ይረዳኛል። እነዚህ ትንንሽ ቅንጡ መኪኖች ወደኛ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ሞተራቸው ደክሞ አይደለም። ቸርኬው ተጣሞ፣ ጎማው ጎኑ ላይ አብጦ፣ ሾክ አብዞርበሩ ዘይት እያፈሰሰ ወይም ሲፈርኑ መሪው እየተንቀጠቀጠ ነው። በቅርቡ ሥራ ላይ የገጠመንን የምጽፈው ለዚህ ነው። ብር ቆጥቦ መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው ቢያነበው እንዲጠቅመው ከልቤ እፈልጋለሁ።

ደንበኛችን ሐኪም ናቸው። ለዓመታት በአንዲት ያሪስ ሲመላለሱ ኖረው አሁን ለራሳቸው ጥሩ መኪና ሊገዙ ቆረጡ። «መንዳት እወዳለሁ፤ መሪው እጄ ላይ እንዲሰማኝ፣ መታጠፊያ ላይ መኪናው እንዲታዘዘኝ እፈልጋለሁ» አሉን። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አለቃችን ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ለመንዳት ብሎ መኪና የሚገዛ ሰው ብዙ አይገጥመንም።

ታዲያ ዛሬ ካታሎግ ከፍቶ «ይህ ፍሬን፣ ያ ጎማ ይሁንልኝ» ብሎ ከፋብሪካ ማዘዝ የለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ምርጫው አገር ውስጥ ካለው ነው። ስለዚህ ኦፕሽን መምረጥ ማለት፣ ከዓመታት በፊት ሌላ አገር የነበረ አንድ ገዥ ምን ብሎ እንዳዘዘ አጣርቶ፣ ያ የታዘዘው ነገር አሁንም መኪናው ላይ መኖሩን አይቶ መወሰን ነው። የኋለኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል።

ሁለት መኪና ቀረበ። ሁለቱም ቢኤምደብሊው 3 ሲሪየስ፣ ሁለቱም ኤፍ30 የሚባለው ቦዲ፣ ሁለቱም የ2014 ሞዴል። ነጩ 328አይ ነው፤ ኤም ስፖርት ፓኬጅ ያለው፣ ባለ 19 ኢንች ጥቁር ቸርኬ፣ በጣም ቆንጆ። ግራጫው 320አይ ነው፤ ባለ 18 ቸርኬ፣ አቧራ የጠጣ፣ ሰው ዞሮ የማያየው። ዋጋቸው በጣም ይራራቃል። የዶክተሯ ታናሽ ወንድም ነጩ ላይ ልቡ ወድቋል። ደላላውም ከጎኑ ሆኖ «ፉል ኦፕሽን ነው እኮ፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?» ይላል።

የጉልበቱን ነገር እዚሁ ልጨርሰው። ሁለቱም ባለ 2 ሊትር ተርቦ ሞተር ናቸው። 328ቱ 245 የፈረስ ጉልበት አለው፣ 320ው 184። ልዩነቱ ይሰማል፣ አልዋሽም። ግን ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ወደ አንድ ስድስተኛ የሚጠጋውን ያጣል፤ ባለ 200 ፈረስ የተባለው መኪና 170 ቢሰጥ ነው። ተርቦ ያለው ግን አየሩን እየጨመቀ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ያካክሳል። እና 184 ፈረስ ያለው ተርቦ እዚህ ከተማ ውስጥ ደካማ መኪና አይደለም። በባጃጅ መሐል ሆኖ 245ቱን የት ይጠቀምበታል? ዶክተሯ የሚነዱበትን መንገድ ነው መጠየቅ ያለብን አልኩ። እሳቸውም ነገሩን፦ በየቀኑ ሆስፒታልና ቤት፣ ሰፈራቸው ዲያስፖራ ሰፈር ስለሆነ ኮብልስቶን፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ደግሞ ጎንደር፣ አልፎ አልፎም በዓባይ በረሃ አድርጎ አዲስ አበባ።

ከዚያ ወደ ሥራው ገባን። ቢኤምደብሊው ጥሩ ነገር አለው፤ በሻንሲ ቁጥሩ የመጨረሻ 7 ፊደልና ቁጥሮች ፋብሪካው የገጠመውን ኦፕሽን ሁሉ በኮድ ታገኛለህ። 337 ከሆነ ኤም ስፖርት ፓኬጅ ነው። 704 ኤም ስፖርት ሰስፔንሽን ነው። 258 ተነፍሶም የሚሄደው ራንፍላት ጎማ። 2ቪኤፍ በኤሌክትሪክ የሚለሰልስና የሚጠነክር ሾክ አብዞርበር። 2ኤንኤች ትልቁ የስፖርት ፍሬን። 494 የወንበር ማሞቂያ፤ ባሕር ዳር ላይ ምን ይሠራል እንዳትሉኝ፣ «ፉል ኦፕሽን» ሲባል እሱም አብሮ ይቆጠራል።

የነጩ ዝርዝር ወጣ። 337 አለ፣ 258 አለ፣ 2ቪኤፍም አለ። አብሮን የሚሠራው ወጣት መካኒክ ደስ አለው። ማርሹ አጠገብ ያለውን ቁልፍ ከኮምፎርት ወደ ስፖርት ቀየረው፣ ነዳጁን ሲረግጠው መኪናዋ ቆጣ አለች። «ይሠራል!» አለና የምርመራ ወረቀቱ ላይ ምልክት ሊያደርግ እስክሪብቶውን አወጣ። ደላላው ፈገግ አለ። ወንድምየውም «አየሽ እታለም!» አላቸው።

ጋሼ የመካኒኩን እጅ ያዙ። «ቆይ። ወረቀቱን ማን ይነዳዋል? መኪናዋን ክሪኩ ላይ አውጣልኝ።»

እኔ ዲያግኖስቲኩን፣ የመኪናውን ኮምፒውተሮች የሚያነበውን ማሽን፣ ሰካሁ። ስህተት የሚባል ነገር አላሳየም። ዳሽቦርዱ ላይም መብራት የለም። ግን ለማሽኑ የመለሱትን ኮምፒውተሮች ዝርዝር ስመለከት አንድ የጎደለ ነገር አየሁ፤ የሾክ አብዞርበሮቹን የሚያዝዘው ኮምፒውተር ከሚመልሱት ውስጥ የለም። ፋብሪካው ገጥሞታል ተብሏል፣ መኪናው ግን እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም ይላል። ስህተት አለማሳየቱና ጭራሽ አለመመለሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ማሽን ሰክቶ «ክሊን ነው» የሚል ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው።

መኪናዋ ከፍ ስትል ነገሩ በዓይን ታየ። ሦስቱ ሾኮች ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ ይገባል። የኋላ ቀኙ ግን ተራ ሾክ ነው። ገመዱ በፕላስቲክ ማሰሪያ ከላይ ታስሯል። ሆነ ብሎ የተሠራ ነው። አንዱ ሲበላሽ ኦሪጅናሉ ውድ ስለሆነ ርካሽ ገጥመው፣ ማስጠንቀቂያው እንዳይበራ ደግሞ በኮምፒውተር ሲስተሙን አጥፍተውታል። ታዲያ ቁልፉ ለምን ሠራ? ያ ቁልፍ የሚቀይረው ሾኩን ብቻ አይደለም፤ የነዳጁን ምላሽ፣ የካምቢዮውን አቀያየርና የመሪውን ክብደትም ይቀይራል። እነሱ ስለተቀየሩ ነጂው ሁሉም የሠራ ይመስለዋል። በዚያው የፊት ግራ ቸርኬው በውስጥ በኩል ተሰንጥቆ የተበየደ ሆኖ ተገኘ። ከውጭ ቀለሙ አዲስ ነው።

በጣም ተናደድኩ። የሰው ልጅ ቤተሰቡን ጭኖ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድበትን ቸርኬ በይዶ ቀለም ቀብቶ መሸጥ ምን ይባላል? ደላላው «እኔ አላውቅም፣ እንደሰጡኝ ነው» አለ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል።

ወንድምየው ግን ቶሎ አልተሸነፈም። «ይጠገናል፣ ዋጋ እናስቀንሳለን» አለ። ያን ጊዜ ነው ጋሼ ሜትር አውጥተው ስለ ጎማ ያስረዱት። የነጩ የፊት ጎማ 225/40 በ19 ነው። የኋላው 255/35 በ19። ከአስፋልቱ እስከ ቸርኬው ያለው ላስቲክ የስፋቱ፣ ማለትም የ225 ወይም የ255 ሚሊ ሜትሩ፣ 40 ወይም 35 በመቶ ነው፤ ሲሰላ ፊትም ኋላም 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ። የግራጫው አራቱም 225/45 በ18 ናቸው፤ 10 ሳንቲ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል። አንድ ሳንቲ ሜትር ምን ይለውጣል የሚል ሰው ክረምት ላይ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይየው። ቸርኬው ከመመታቱ በፊት ያለው መከላከያ ያቺ ላስቲክ ብቻ ናት። ባለ 17 ቢሆን ደግሞ 11 ይሆን ነበር፣ ለኮብልስቶን የበለጠ ተስማሚ ነው።

ሌላው የፊትና የኋላው እኩል አለመሆኑ ነው። ነጩ ላይ ጎማ አዙሮ ማልበስ አይቻልም፣ የኋላው ቶሎ ያልቃል፣ አንድ ትርፍ ጎማ ይዘህም ለሁለቱም አይሆንህም። ራንፍላት ከሆነ ተነፍሶ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይወስድሃል፤ ለዚያ ተብሎ መኪናው ትርፍ ጎማም ክሪክም ሳይኖረው ነው የተሠራው። ውጭ አገር 80 ኪሎ ሜትር ውስጥ ጎማ ቤት አለ፣ መጠኑም ይገኛል። እኛ ጋ ጎሚስታ በየመንደሩ ሞልቷል፣ ጎኑ የተቀደደ ባለ 19 ራንፍላት ግን ከየት አምጥቶ ይቀይርልሃል?

ዶክተሯ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሰሙና «እሺ፣ ግራጫውን አሳዩኝ» አሉ።

የግራጫው ዝርዝር አጭር ነው። ፓኬጅ የለውም፣ 2ቪኤፍ የለውም፣ ተራ ሾክ ነው። ግን 2ኤንኤች አለው! እኔ ራሴ ደግሜ አነበብኩት። ጎማውን ስናወጣ በፍሬን አቧራ ከጠቆረው ሥር ሰማያዊ ካሊፐር፣ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል፣ ወጣ። ፊት ባለ 4 ፒስተን፣ ኋላ ባለ 2። ባለቤቱ «ያንን ሰው የቀባው ነው የመሰለኝ» አለን። የመጀመሪያው ገዥ፣ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ውበቱን ሁሉ ትቶ ፍሬን ብቻ ነው ያዘዘው። እኔ ያንን ሰው ወደድኩት።

ፍሬን ለምን ይህን ያህል እንደማከብር ዓባይ በረሃን የወረደ ያውቃል። ከጎሃ ጽዮን ብትወርድም ከደጀን ብትወርድም ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፣ መታጠፊያው አያልቅም። ፍሬን ላይ እግሩን ጭኖ የሚወርድ ሰው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ይሸተዋል። ትልቅ ዲስክ ሙቀቱን ይሸከማል፣ ቶሎም ይበርዳል። ያም ሆኖ የፍሬን ዘይቱ ካረጀ ዋጋ የለውም፤ ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ውሃ ሲገባበት በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፣ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ እስከ ታች ይገባል። በየ2 ዓመቱ ቀይሩት፣ እባካችሁ። ማርሽም በእጅ ቀንሳችሁ በሞተር ያዙት። ለዚህ መሪው ላይ ያለው የስፖርት ማርሽ መቀየሪያ ግድ አይደለም፤ ተራውም ካምቢዮ ዘንጉን ወደ ጎን ስትገፋው በእጅ ይቀየራል።

በአዲሱ የዓባይ ድልድይ አድርገን እስከ ዘንዘልማ ነዳነው። ዶክተሯ ራሳቸው ነዱ። ባዶ ቦታ ላይ ጠንከር አድርገው ፈረኑ፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ መሪው አልተንቀጠቀጠም። ሲመለሱ ኮብልስቶኑ ላይ ሆን ብለው አዘገሙ። «ወገቤ ተስማምቶታል» አሉ። ከዚያ ዋጋ መደራደር ጀመሩ፤ እሱን ለወንድማቸው ተዉለት፣ ጎበዝ ተደራዳሪ ነው።

ከዋጋው ልዩነት በተረፈው ብር ጥሩ ስም ያለው አዲስ ጎማ አራት፣ ያው መጠን ያለው አንድ ትርፍ ከነቸርኬው፣ ክሪክ፣ የፍሬን ዘይትና ሸራ አዘዙ። የትርፉን ቸርኬ ስንመርጥ ተጠንቅቀናል፤ ትልቅ ፍሬን ያለበት መኪና ላይ ትንሽ ቸርኬ ካሊፐሩን ሊነካ ይችላል፣ ሳይለካ አይገዛም። ባለ 17 እናድርግ ያላልነው ለዚህ ነው።

ወንድምየው መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ይዞ መጣ። «ሞተሩ ከ328ቱ ጋር አንድ ነው አይደል? በላፕቶፕ ብቻ ወደ 245 ይወጣል ብለውኛል።» ይህን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አንድ ቤተሰብ ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። የ320ው ሞተር አየሩን 11 ለ 1 ይጨምቃል፣ የ328ቱ 10 ለ 1፤ ፒስተናቸውም የተለየ ነው። ተርቦው ላይ ተጨማሪ ግፊት ስትጭንበት፣ በተለይ ቤንዚኑ ጥሩ ካልሆነ፣ ሞተሩ ውስጥ የሚጎዳው ማንኳኳት ይመጣል። ጉልበት አይጨመርም አላልኩም። ግን መጀመሪያ ይህች መኪና በዚህ ቤንዚን እንዴት እንደምትሠራ ጥቂት ወራት እንያት፣ የታይሚንግ ቼይኗን፣ ሞተሩ ውስጥ ያለውን ሰንሰለት፣ ድምፅ እንስማ፣ ከዚያ እናወራለን አልኩት። እሱ ወደ እህቱ ዞረ። ዶክተሯ ለእኔ ነው የመለሱት፦ «የፍሬን ዘይቱ መቼ ነው የሚደርሰው?»