«ፍጥነቷን አልጠየቅሁህም»

ይህ ከሆነ ቆይቷል። ግን አሁንም አዲስ ኮምፒውተር ምረጥ በተባልኩ ቁጥር ያ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል።

የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኮምፒውተር አርጅቶ ነበር። ፋኑ ይጮኻል፤ አንዳንድ ቀን ሦስቴ ካልተነካካ አይነሳም። አዲስ እንድመርጥ ታዘዝኩ። ደስ ብሎኝ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ኤስኤስዲውን አወዳድሬ ዝርዝሩን አዘጋጀሁ። ለግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ የእኔን ፕሮግራም ታስነሳለች?»

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ ከአሮጌዋ ጋር አትወዳደርም። በጣም ፈጣን ናት።»

«ፍጥነቷን አልጠየቅሁህም።»

እኔም «አያስቡ» ብያቸው ወጣሁ። ለጥያቄያቸው መልስ ሳልሰጥ ማለት ነው። ይህ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ሥራውን የሚሠሩት እሳቸው ናቸው፤ መጠየቅ ያለበትን ትክክለኛ ጥያቄ የጠየቁትም እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ፕሮግራሙ የዶስ ዘመን ነው፤ ዶስ ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ገቢና ወጪ ይመዘግባል፣ ባለ ሦስት ቅጂ የወጪ ደረሰኝ ያትማል። ማውዝ አያውቅም። ጋሼ ኪቦርዱን ሳያዩ ነው የሚሠሩበት። የጻፈው ሰው ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ ሶርስ ኮዱም፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ፣ የለም።

ኮምፒውተሯ መጣች። ፎልደሩን ገልብጬ ፋይሉን ሁለቴ ስነካው ዊንዶውስ ይህ ፕሮግራም እዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም አለኝ። የድሮ ዊንዶውስን የሚያስመስለውን ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ ሞከርኩ። አድሚኒስትሬተር ሆኜ ሞከርኩ። ምንም የለም። ሻጩ «ዊንዶውስ የድሮውን ሁሉ ያነሳል» ብሎኝ ነበር። መልሼ ስደውልለት ምክሩ «ፕሮግራሙን ቀይሩት» ሆነ። እዚህ ላይ በጣም ተናደድኩ። የዓመታት መዝገብ ያለበትን ነገር «ቀይሩት» ማለት ለተናጋሪው ሁለት ሰከንድ ነው። ለሚቀይረው ሰው ግን መዝገቡን ማዛወር፣ አንድ በአንድ ማመሳከር፣ ሥራውን እንደ አዲስ መልመድ ነው።

በዚያው ቀን የሒሳብ ክፍሉን ፕሮግራም እዚያችው ኮምፒውተር ላይ ጫንኩ። በቪዥዋል ቤዚክ 6 የተጻፈ ነው፤ ቪዥዋል ቤዚክ 6 የወጣው በ1998 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ያለ ምንም ችግር ተነሳ! ለካ ጉዳዩ የዕድሜ አይደለም። የሒሳቡ ባለ 32 ቢት ነው (ቢት ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ የሚይዘው የመረጃ ስፋት ነው)፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ 32 ቢቱን ይሸከማል። እንደ ጋሼ ፕሮግራም ያለውን ባለ 16 ቢት ግን አይሸከምም። ፕሮሰሰሩ በ64 ቢት አሠራር ላይ ሲሆን ድሮ የዶስ ፕሮግራሞች የሚሄዱበት «ቨርቹዋል 8086» የሚባለው መንገድ አይኖርም። ዊንዶውስ 10 ባለ 32 ቢት እትም ስለነበረው እሱ ላይ ማስነሳት ይቻላል። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ግን ባለ 32 ቢት እትም ጭራሽ የለውም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

ዶስን አስመስሎ የሚያስነሳ ዶስቦክስ የሚባል ፕሮግራም ሞከርኩ። ፕሮግራሙ ተነሳ። ግን ዶስቦክስ በዋናነት ለድሮ ጨዋታዎች ተብሎ የተሠራ ነው፤ የሰው መዝገብ ላስረክበው አልደፈርኩም። በመጨረሻ አዲሷ ኮምፒውተር ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ) ፈጠርኩና ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ጫንኩበት። ወደ ኢንተርኔት እንዳይወጣ ዘጋሁት። የጋሼ ፕሮግራም እንደ ድሮው ብቅ አለ።

ሩጬ ጠራኋቸው። መጡ፣ አንድ ወጪ መዘገቡ፣ የሕትመት ቁልፉን ተጫኑ። ፕሪንተሩ ዝም አለ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ምንም አላሉም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ፕሪንተሩ የመርፌ ነው። ሌዘር አይተካውም፤ የካርቦን ወረቀት ላይ ቅጂ የሚያወጣው ምቱ ነውና። የሚሰካው ደግሞ በድሮው ሰፊ የፕሪንተር መሰኪያ፣ በፓራለል ፖርት ነው፤ አዲሷ ኮምፒውተር ያ ፖርት የላትም። ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ኬብል አገኘሁ፤ ግን ዊንዶውስ የሚያየው የዩኤስቢ ፕሪንተር ነው፣ ፕሮግራሙ የሚያውቀው ግን ኤልፒቲ 1 የሚባለውን ፓራለል ፖርት ብቻ። ኬብሉን ለቨርቹዋል ማሽኑ ሰጠሁት፣ ፕሪንተሩን እዚያው ሼር አደረግሁት፣ ከዚያ «ኔት ዩዝ» በሚባለው ትዕዛዝ ኤልፒቲ 1ን ወደ እሱ መራሁት። ለመጻፍ አንድ መስመር ነው። እስክደርስበት ግን ስንት ማታ አምሽቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ከመመረጡ በፊት የፕሮግራሙን ቅጂ በፍላሽ ይዤ ሄጄ እዚያው ማሽኑ ላይ አስነሳለሁ። ይህም ቢሆን ሁሌ አያድንም። አንድ ጊዜ ከሌላ ክፍል የወሰድኩት ፎልደር ፍላሽ ላይ ሆኖ እሺ አለ፤ ከዋናው ሲዲ ልጭነው ስል ግን እምቢ። ፕሮግራሙ 32 ቢት፣ መጫኛው 16 ቢት ነበር። በአውሮፓውያኑ 1990ዎቹ እንዲህ ያለ ብዙ ነበር። ስለዚህ አሁን ፍላሹን ብቻ ሳይሆን ሲዲውንም፣ የፕሪንተሩን ገመድም ይዤ ነው የምሄደው። በፊት ግን ወንበር ስቤ ከባለቤቱ አጠገብ ቁጭ እላለሁ፤ ጠዋት ከፍቶ እስኪዘጋ ምን ምን እንደሚነካ አያለሁ።

ጋሼን እንደገና ስጠራቸው ቀስ ብለው መጡ። መዘገቡ፣ ተጫኑ። ፕሪንተሩ ጮኸ። ያን ድምፅ በሕይወቴ እንደዚያ ወድጄው አላውቅም። ወረቀቱን ቀደው ሦስቱን ቅጂዎች ለያዩ፤ ሦስተኛውን ወደ መስኮቱ ይዘው በብርሃን አዩት።

«ሦስተኛው ደብዝዟል» አሉኝ። «ሹፌሩ የሚይዘው ይህንን ነው። ሪባን አምጣልኝ።»

በዚያው ሰዓት ሄጄ አመጣሁ።