ለሰፊ የሚሰጥ ጨርቅ መጀመሪያ ይታጠብ

ድሬዳዋ ውስጥ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠምን አልጋ ልብስ የምንሰፋ ሴቶች ማኅበር አለን። አብዛኞቻችን የከዚራና የሳቢያን ነዋሪዎች ስንሆን ከሐረር ወርደው የሚሳተፉም አሉ። በዓመት አንድ ጊዜ በዕጣ ስጦታ እንለዋወጣለን። ቀኑ እንቁጣጣሽ የሆነው ክርስቲያኗም ሙስሊሟም እኩል እንዲደሰቱበት ነው፤ ይህን ያሰቡትን እናቶች ሁልጊዜ አመሰግናቸዋለሁ። የስጦታውን ደንብ ያወጣውን ኮሚቴ ግን እስከ ዛሬ አላመሰገንኩም። ይህን የምጽፈውም ተመሳሳይ ልውውጥ የሚጀምሩ ሌሎች ሴቶች እኛ የደረሰብን እንዳይደርስባቸው ነው።

ዕጣው ቀላል ነው። ስም በወረቀት ይጠቀለላል፣ እያንዳንዷ ታነሳለች፣ የደረሳትን ለማንም አትናገርም። የዋጋ ጣሪያ አለ፤ እሱም ተገቢ ነው።

ለእኔ የደረሱኝ ሐረር የሚኖሩ ጡረተኛ መምህርት ነበሩ። በእጅ ስፌት የሚስተካከላቸው በማኅበራችን የለም። ስጦታ ለመምረጥ የመጀመሪያው ሥራ ሰውየዋ አሁን ምን እየሰፋች እንደሆነ ማየት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምክር የለኝም። እትዬ በዚያ ዓመት የልጅ ልጃቸው ለምታገባበት ጊዜ የሚደርስ፣ በነጭ ላይ ቀይ ኮከብ የተገጠመበት አልጋ ልብስ ጀምረው ነበር። ቁርጥራጩን ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር ካሉት ልብስ ሰፊዎች ይለቅሙ ነበር፤ ነጩ ሞልቶ ቀዩ አጠራቸው። እኔም ቀይ የጥጥ ጨርቅ ልገዛላቸው ወሰንኩ።

እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን የሚባለው ገበያ ሄጄ ጥሩ፣ ድምቀት ያለው ቀይ አገኘሁ። ንጹሕ ጥጥ መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ከጠርዙ ክር መዝዞ ማቃጠል በቂ ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠጣር ጉብ ይሠራል። ሻጩ ቀለሙ እንደማይለቅ ምሎ ነገረኝ። እኔ በመሐላ ጨርቅ ገዝቼ አላውቅም፤ ቤት ወስጄ ላጥበው አሰብኩ።

ደንቡ የገባው እዚህ ላይ ነው። ኮሚቴው «ስጦታው ያልተነካ፣ ከነእጥፉ፣ በላስቲክ የታሸገ ይሁን» ብሎ ነበር። ከኮሚቴው አንዷን ጠርቼ ጨርቁን አጥቤና ተኩሼ ላምጣ ብዬ ጠየቅኋት። «እህቴ፣ የታጠበ ጨርቅ እኮ አሮጌ ይመስላል፤ ሰው ይታዘብሻል» አለችኝ። ለምን እንደፈለግሁ አስረዳሁ። «ደንቡ ለሁላችንም እኩል ነው» ብላ ዘጋችው። ያን ዓመት ደንብ ማክበር ማኅበርን ማክበር ነው ብዬ አሳልፌ ሰጠሁ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እንቁጣጣሽ ዕለት እትዬ ላስቲኩን ሲከፍቱ ጨርቁን ደረታቸው ላይ አስደግፈው መረቁኝ። ወር ተኩል ያህል ቆይተው አልጋ ልብሱን ጨረሱ። ለሙሽራዋ ከመስጠታቸው በፊት የእጅ እድፉ እንዲለቅ አጠቡት፤ በሐረር ፀሐይ አሰጡት፤ ተኮሱት። ከዚያ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ነጩ ሁሉ ቀላ» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደማቅ ቀይ፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ጥጥ ቀለም ሲነከር ከክሩ ጋር ያልተያያዘ ትርፍ ቀለም ይቀርበታል። ፋብሪካው አጥቦ ካላስለቀቀው መጀመሪያ የሚያጥበው ሰው ያስለቅቀዋል፤ አጠገቡ ነጭ ካለ ነጩ ይጠጣዋል። የለቀቀው ቀለም ጨርቁ እርጥብ ሳለ መልሶ ሊወጣ ይችላል። ከደረቀ በኋላ ግን ይከብዳል፣ ካውያ ካለፈበት ደግሞ የባሰ ይጸናል። እትዬ ይህን የሚነግራቸው አላገኙም። ጎረቤት ጨውና ኮምጣጤ መክሯቸው ሁለቱንም ሞከሩ። ጨው የሚያገለግለው ጥጥ በሚነከርበት ሰዓት ነው፤ ተነክሮ ያለቀን ጨርቅ አያጸናም። ኮምጣጤም ለሱፍና ለሐር ማቅለሚያ እንጂ ለጥጥ አይረዳም። ሌላዋ በረኪና ይዛ ስትመጣ ደረስኩና ከለከልኩ፤ በረኪና ቀዩንም ነጩንም አብሮ ይበላ ነበር።

ሐረር የደረስኩት በደወሉልኝ ማግስት የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ነው። ትልቅ በርሜል ውስጥ በጣም ሙቅ ውኃና ብዙ ሳሙና አድርገን ዘፈዘፍነው፤ ውኃው ሲቀላ ቀየርን፣ ደግመን ዘፈዘፍን፣ ሌሊቱን አሳደርን። ውኃው መብዛት አለበት፤ የለቀቀው ቀለም ተመልሶ ጨርቁ ላይ እንዳይቀመጥ ቦታ ያስፈልገዋል። (ድሬዳዋ ላይ ይህን የምታደርጉ ሳሙናውን ጨምሩ፤ ማንቆርቆሪያችንን ነጭ ቅርፊት የሚያለብሰው የከርሰ ምድር ውኃ ኖራ ስለሚበዛበት ሳሙና አያስነሳም።) ጥቂት ሳሳ እንጂ አልለቀቀም። ካውያው ሥራውን ሠርቶ ነበር። ሙሽራዋ ከሱቅ የተገዛ አልጋ ልብስ ይዛ ሄደች። እትዬ የተበላሹትን ነጮች አንድ በአንድ እየፈቱ በአዲስ ተኩ፤ በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ዓይን።

በስብሰባ ላይ ሳነሳው ኮሚቴው «የሻጩ ጥፋት ነው» አለ። ሻጩ ዋሽቷል፤ እሱን አልከላከልለትም። ነገር ግን ሻጭ ሊዋሽ እንደሚችል የምናውቅ ሴቶች ሆነን፣ ውሸቱ የሚገለጥበትን አንድ እጥበት በደንብ ከልክለናል። ያ ደንብ የወጣው ጠረጴዛ ላይ ለሚታይ ላስቲክ እንጂ ለምትሰፋዋ ሴት አይደለም።

ስለዚህ ማንም ደንብ ምንም ይበል፣ ለሰፊ የምትሰጡትን ጨርቅ እጠቡ። መጀመሪያ ከጥጉ ቁራጭ ቆርጣችሁ ነጭ ሳህን ውስጥ ሙቅ ውኃ አፍስሱበትና ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት፤ ከዚያ እርጥቡን በነጭ አቡጀዲ መካከል ጫኑት። አቡጀዲው ከቀላ፣ ውኃው እስኪጠራ ደጋግማችሁ እጠቡ። እምቢ ካለ ያ ጨርቅ ከነጭ ጋር ለሚገጠም ሥራ አይሆንም፤ ለሌላ አውሉት። እጥበቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ከመቶ ከ3 እስከ 5 ያህል ስለሚያጥር ሳይታጠብ ከተቆረጠ ኋላ ስፌቱን ይሸበሽበዋል።

መርፌ ለመስጠት ለምታስቡም አንድ ነገር ልንገራችሁ። የቤት የስፌት መኪና፣ በእግር የሚረገጠው ሲንጀርም ጭምር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው አናቱ በአንድ ጎን ጠፍጣፋ የሆነ መርፌ ነው። የፋብሪካው መኪና መርፌ አናቱ ክብ ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ውድ ስለሆነ የተሻለ ነው ብላችሁ የማታውቁትን አትግዙ፤ የመኪናዋን አሮጌ መርፌ ለምኑና ይዛችሁ ሂዱ። ከውጭ የሚመጣው ክብ ምላጭ ያለው መቁረጫም መለዋወጫ ምላጭ ካልተጨመረበት ሲደንዝ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በእሱ ፈንታ ጥሩ መቀስ ይሻላል፤ ጨርቅ ብቻ የሚቆርጥ፣ ወረቀት የማይነካ።

ቦታውንም አስቡ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ናት፣ እኛ ከዚያ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብለን እንኖራለን። እዚህ ውስጡ ጥጥ የተሞላ አልጋ ልብስ ማንም አይለብሰውም፤ ስስ አቡጀዲ ለገበር ይበቃል። የሐረሯ ሴት ግን የተዳመጠ ንጹሕ ጥጥ ብታመጡላት ትደሰታለች። ለሁለቱም የሚሆነው ደግሞ በየቀለሙ ተለይቶ፣ ታጥቦና ተተኩሶ የታሰረ ቁርጥራጭ ነው። ኮሚቴው ይህን «ትርፍራፊ» ይለዋል፤ እኔ ከሁሉ ስጦታ አስበልጠዋለሁ፤ የሰጪዋ ጉልበት አለበትና።

የደንቡ ማሻሻያ ለነሐሴው ስብሰባ በጽሑፍ ቀርቧል። «ያልተነካ» የሚለው ይሰረዝና «ታጥቦ የተፈተነ» ይግባ ብያለሁ፤ እትዬም ፈርመውበታል።