የትኛውም ፖስታ ቤት ያላወጣቸው ቴምብሮች

በኢንተርኔት ጨረታ ላይ ዘጠኝ ቴምብር ያለበት ሉህ ይቀርባል። ሦስት በሦስት ተደርድሯል፤ ሥዕሉ ድመት፣ ባቡር፣ እንጉዳይ ወይም ማሪሊን ሞንሮ ነው። ከሥር "ሶማሊያ" ወይም "ኤርትራ" ይላል። ኅትመቱ ያምራል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። የአገሩ ፖስታ ቤት ግን አላሳተመውም፣ በመስኮቱም አልሸጠውም፤ ብዙ ጊዜ መኖሩንም አያውቅም። ሶማሊያ ከ1991 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንደዚሁ) ወዲህ መንግሥቷ ፈርሶ የፖስታ አገልግሎቷ በተቋረጠባቸው ዓመታት እንኳ በስሟ የሚታተመው ሉህ አልቆመም።

ይህን ከፎርጅድ ጋር መቀላቀል አይገባም። ፎርጅድ በእውነት የወጣ ቴምብርን ይቀዳል፤ ለምሳሌ በ1894 የወጣውን የዳግማዊ ምኒልክ ቴምብር አስመስሎ ያትማል። እሱን ከዋናው ጋር አስተያይቶ መለየት ይቻላል። ሕገወጡ ሉህ ግን የሚስተያይበት ዋና የለውም። ስለዚህ ማጉያ መነጽርና የቴምብሩን ጠርዝ ጥርሶች የሚለካው መለኪያ ብዙም አይረዱም፤ የሚመረመረው ወረቀቱ ሳይሆን ያወጣው ማን እንደሆነ ነው። በዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት ስምምነት መሠረት ቴምብር የሚያወጣው አባል አገሩ ወይም እሱ የወከለው አካል ብቻ ነው። ኅብረቱ በ1874 የተመሠረተ፣ ጽሕፈት ቤቱ በስዊዘርላንድ ከተማ በርን የሚገኝ፣ ኢትዮጵያም ከ1908 ጀምሮ አባል የሆነችበት ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ደብሊው ኤን ኤስ (WNS) የሚባለው የኅብረቱ የቴምብር መዝገብ ነው። ከጥር 1 ቀን 2002 ጀምሮ አባል አገሮች ያወጧቸውን ቴምብሮች ከነምስላቸው የሚያስመዘግቡበት ሲሆን በነጻ ይታያል። እያንዳንዱ ቴምብር ሁለት ፊደል የአገር መለያ፣ ሦስት አሃዝ ተራ ቁጥር፣ ከዚያም ከነጥብ በኋላ የዓመቱን ሁለት አሃዝ ይይዛል። ከተገኘ ጉዳዩ አለቀ። ካልተገኘ ግን ሕገወጥ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የማያስመዘግቡ አገሮች አሉ፣ ዘግይተው የሚያስመዘግቡም አሉ፣ ከ2002 በፊት የወጣው ደግሞ ከነጭራሹ የለም። ስለዚህ በመጀመሪያ ያ አገር በዚያ ዓመት ሌላ ቴምብር አስመዝግቦ እንደሆነ እዩ። ቀጥሎ እንደ ሚሼል ወይም ስኮት ያለ የወጡ ቴምብሮችን የሚዘረዝር ካታሎግ ግለጡ። ከዚያም ኅብረቱ ስለ ሕገወጥ ቴምብሮች ለአባል አገሮች የሚበትናቸውን ሰርኩላሮች፣ ማለትም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች፣ ፈልጉ።

የአገሩ ስም ራሱ የሚናገርበት ጊዜም አለ። ዛሬ የሩሲያ አካል የሆነችው ቱቫ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በራሷ ስም ቴምብር ታወጣ ነበር፤ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያላቸው ቴምብሮቿ ዛሬም ይፈለጋሉ። በ1990ዎቹ "ቱቫ" ተብሎ የታተመው ግን ከሩሲያ ፖስታ ያልወጣ ሕገወጥ ነው። የጆርጂያ ከተማ የሆነችው ባቱምም እንዲሁ ናት፤ የ1919 እና የ1920ው በእንግሊዝ ጦር ይዞታ ሥር የወጣ እውነተኛ ቴምብር ሲሆን፣ የ1990ዎቹን የጆርጂያ ፖስታ አያውቀውም። ገንዘቡንም እዩ። ኤርትራ በኅዳር 1997 ወደ ናቅፋ ተሻግራለች፤ ከዚያ በኋላ ያለ ዓመት ተጽፎበት ዋጋው በብር የሆነ ሉህ ጥያቄ ያስነሳል። የፖስታ ቤት ማኅተሙ የእያንዳንዱን ቴምብር ጥግ ብቻ በእኩል ነክቶ ጀርባው ላይ ሙጫው ሙሉ ከሆነ፣ በደብዳቤ ላይ ሄዶ አያውቅም። ይህ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ሕጋዊ ፖስታ ቤቶችም እንዲህ መትተው ለቴምብር ሰብሳቢ ይሸጣሉ።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ሰርኩላር እንዲወጣ በርንን የሚጠይቀው ስሙ የተሰረቀው ፖስታ ቤት ብቻ ነው። ሰብሳቢው ቢጽፍ ወረቀቱ አይንቀሳቀስም። ሉሁን ገበያ ላይ ቀድሞ የሚያየው ግን ሰብሳቢው ነው፤ ፖስታ ቤቱ ጨረታ ሲከታተል አይውልም። ስለዚህ በየአገሩ ያሉ ሰብሳቢዎች ሥራ ይህን ክፍተት መሙላት ነው። አንዱ ጨረታውን ይከታተላል፣ ሌላው ካታሎግ ያመሳክራል፣ ቋንቋውን የሚያውቀው ደብዳቤውን ይጽፋል፤ ለቻድና ለቤኒን በፈረንሳይኛ፣ ለሞዛምቢክ በፖርቱጋልኛ።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይብቃው። ቁጣ አያስፈልገውም፤ ለኃላፊው የሚጠቅመው ሳይቀይር ወደ በርን የሚያስተላልፈው ዝርዝር ነው። ለእያንዳንዱ ሉህ በላዩ የተጻፈው የአገር ስም፣ ዓመት፣ ዋጋና ገንዘብ፣ የሥዕሉ ርዕስ፣ የቴምብሩ ብዛት፣ ጠርዙ የተበሳ ይሁን ያልተበሳ ይጻፍ። የተገኘበት ጨረታ፣ ቀኑ፣ የዕቃው ቁጥርና የሻጩ አገር ይጨመር። ሉሁ እጃችሁ ካለ ፊቱንና ጀርባውን በጥቁር ወረቀት ላይ አድርጋችሁ በ300 ዲፒአይ የምስል ጥራት ስካን አድርጉ፤ በነጭ ላይ የጠርዙ ጥርስ አይታይም። ከሌላችሁ ለማስረጃ ብላችሁ አትግዙ፤ ገንዘቡ ወደ አሳታሚው ይሄዳል፣ የጨረታው ምስል ለመግለጫ ይበቃል። የጨረታውን ገጽ ያኔውኑ በፒዲኤፍ አስቀምጡ፤ ሽያጩ ሲያልቅ ይጠፋል። መልስ ካልመጣ ከወር በኋላ እንደገና ላኩ፣ ለአገሩ የሰብሳቢዎች ማኅበርም ግልባጭ አድርጉ።

ሥራውን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው የተሳሳተ ክስ ነው። አንዳንድ አገሮች ለግል ወኪል ውል ሰጥተው ከሚያስፈልጋቸው እጅግ የበዛ ቴምብር ያወጣሉ። ባንወደውም ሕጋዊ ነው። እሱን ሕገወጥ ብሎ ለፖስታ ቤቱ የጻፈ ሰው ሁለተኛው ደብዳቤው አይነበብም። ጥርጣሬ ካለ "ይህን እናንተ አውጥታችኋል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የጨረታ ድርጅትም ቢሆን በሰብሳቢ አስተያየት ዕቃ ማንሳት ይከብደዋል፤ የሰርኩላሩን ቁጥርና ቀን ስትጠቅሱለት ግን የሚይዘው ነገር ያገኛል።

አልበማችሁ ውስጥ ካለ አትሽጡት፣ ለጀማሪ ልጅም አትስጡት። ለማመሳከሪያ ከሌሎቹ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ጀርባው ላይ በእርሳስ "ሕገወጥ" ብላችሁ፣ ሰርኩላር ወጥቶበት ከሆነ ቁጥሩንም ጻፉ። ወራሾች አልበም ሲሸጡ ይህ ሉህ ከእውነተኞቹ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ገበያ የሚመለሰው ምልክት ሳይኖረው ሲቀር ነው።