ወደ ካራኮረም፦ የፖስታ ጣቢያውን ያቆዩት ሴቶች

ከሞንጎሊያ ዋና ከተማ ከኡላንባታር እስከ ካርኮሪን፣ የሞንጎሎች የጥንት ዋና ከተማ ካራኮረም እስከነበረበት ድረስ፣ ወደ 360 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መንገዱ ሣርና ሰማይ ብቻ ነው። ሹፌሩ ግን አናደደኝ። ስንነሳ በተስማማንበት ዋጋ ላይ፣ ስንደርስ "ነዳጅ ተወዷል" ብሎ አንድ ሦስተኛ ጨመረበት። ከፈልኩት፤ እስከ ማታ ሲከነክነኝ ዋለ።

የሄድኩት የሞንጎሎች የፈረስ ፖስታ ስለሚስበኝ ነው። ጄንጊስ ካን ጀመረው፤ ልጁ ኦጎዴይ በ1230ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደንብ አደራጀው። በየ40 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ጣቢያ ነበረ። መልእክተኛው ይደርሳል፣ ይበላል፣ ያልደከመ ፈረስ ይዞ ይሄዳል። አስጎብኚዬ ስለዚህ ፈረሰኛ አውርቶ አይጠግብም።

ያደርኩት ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ አርብቶ አደር ቤተሰብ ዘንድ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ምድጃው ጠፋ። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል። ማንም ሳይጠራቸው የቤቱ እናት ገቡ። ኩበት ጨምረው እሳቱን አነደዱ፣ የራሳቸውን ካባ ደረቡልኝ፣ ምንም ሳይናገሩ ወጡ። ጠዋት ጨው ያለበት የወተት ሻይ አቀረቡልኝ። ወሎ ቡና በጨው እየጠጣሁ ስላደግኩ ወዲያው ተስማማኝ።

ባልየውና ልጆቹ ከመንጋው ጋር ርቀው ነበር። እናትየው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ባዝራዎቹን ያልባሉ፣ አይራጉን (የኮመጠጠውን የባዝራ ወተት) ይንጣሉ። እግረ መንገዳቸውን ጎራ ያሉ ሁለት ፈረሰኞችን አብልተው ሸኙ። ያን ጊዜ ነው የጣቢያው ነገር የገባኝ። ፖስታውን የሚሸከሙት ለጣቢያው የተመደቡ ቤተሰቦች ነበሩ። ፈረሱ፣ የሚታረደው በግ፣ የሚታለበው ባዝራ፣ ጋሪው ከእነሱ ነው። ወንዱ መልእክት ይዞ ሲጋልብ ወይም ሲዘምት ሰፈሩን ማን ይዞት ይቆያል?

በ1245 ከአውሮፓ የተነሳው መነኩሴ ካርፒኒ በዚሁ ፖስታ በቀን ብዙ ፈረስ እየቀያየረ ተጉዟል። ሴቶቹ እንደ ወንድ እንደሚጋልቡ፣ ግመል እንደሚጭኑ፣ ጋሪ እንደሚነዱና እንደሚጠግኑ ጽፏል። ሲደርስም ግዛቱን የምታስተዳድረው የኦጎዴይ ሚስት ቶረገነ ነበረች። ከእሱ በኋላ የመጣው ሌላው መነኩሴ፣ የሩብሩኩ ዊልያም ደግሞ አንዲት ሴት 20 ወይም 30 ጋሪ አያይዛ ትነዳለች ይላል። ባዝራ የሚያልቡት ግን ያን ጊዜ ወንዶቹ ነበሩ፤ ይህ ሥራ ወደ ሴቶቹ የዞረው በኋላ ነው።

ለአዳሩ 60,000 ቱግሪክ ከፈልኩ። ለአይራጉ ልክፈል ብል እናትየው ተቆጡኝ።

ስንመለስ አስጎብኚዬን ስለ ሴቶቹ አጥብቄ ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና የሴት አያቱን ነገር አነሳ። የፈረስ ፖስታው በሞንጎሊያ እስከ 1949 (እ.ኤ.አ.) ቆይቷል፤ አያቱ ልጅ ሆነው ጣቢያ ላይ ለእንግዳ ሻይ ያፈሉ፣ ፈረስ ያጠጡ ነበር። ከዚያ እስከ ኡላንባታር ስለ አያቱ ነበር ያወራነው።