ዝም ላለ ራዲዮ

ዛሬ ደሴ ላይ የተገጣጠመው ባለ አንድ ትራንዚስተር የአጭር ሞገድ ራዲዮ መጀመሪያ ዝም አለ። በ32 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ቱቦ ላይ በ1 ሚሊሜትር የሞተር ሽቦ ዋናው ኮይል (የሽቦ ጥቅል) 8 ዙር፣ ከትራንዚስተሩ የወጣውን ምልክት ወደ ዋናው መላሹ ኮይል 3 ዙር ነው። እንዲህ ሲሆን ትራንዚስተር ለመቀየር አትቸኩሉ፤ የ3ቱን ዙር ሁለት ጫፎች አቀያይሩ። ምልክቱ ተገልብጦ ከተመለሰ የመጣውን ያዳክመዋል እንጂ አያጎላውም። ጫፎቹ ሲቀያየሩ ወዲያው ሹሹታው መጣ!

የሚመለሰውን ምልክት መጠን ማስተካከያ በጣም ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። ፉጨት ሊጀምር ትንሽ ሲቀረው ንግግሩ ጥርት ይላል፤ ጣቢያ በቀየራችሁ ቁጥር መድገም ግድ ነው። አንቴናውን በ10 ፒኮፋራድ ካፓሲተር በኩል ብቻ አገናኙት፤ በቀጥታ ከታሰረ ኮይሉን ያፍነዋል።

ማታ መብራት ሲጠፋ በባትሪ፣ 49 ሜትር በሚባለው የአጭር ሞገድ ክልል ላይ ሞክሩት። የአምፖሉና የቻርጀሩ ጫጫታ ከሰፈሩ ስለሚጠፋ ደካማው ጣቢያ ሳይቀር ይሰማል።